ቁጥር 4 የት ሄደ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጎንደር አራዳ ላይ የልብስ ስፌት ዕቃ እሸጣለሁ። ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ገበር፣ መነን ጨርቅ። ዕቃዬ የሚመጣው ከመርካቶ ነው። እንደ ድሮው ራሴ አዲስ አበባ ወርጄ አልገዛም። በስልክ አዛለሁ፣ ገንዘቡን በባንክ እልካለሁ፣ ደንበኛዬ አሽጎ ለጭነት ቤት ያስረክብልኛል።

ባለፈው ታኅሣሥ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ብዬ አምስት ካርቶን አዘዝኩ። ደንበኛዬ ጠንቃቃ ሰው ነው። በየካርቶኑ ላይ በወፍራም ማርከር የሱቄን ስም ጻፈ፣ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጠ፣ ጭነት ቤቱ ደጃፍ ላይ ደርድሮ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከአራት ቀን በኋላ ዕቃሽ ገብቷል ተብዬ ሄድኩ። 1 አለ። 2 አለ። 3 አለ። 5 አለ።

"ቁጥር 4 የት አለ?" አልኩት ልጁን።

"እትዬ፣ ሲቆጥሩ ዘለውት ይሆናል" አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

ፎቶውን አሳየሁት። ቁጥር 4 ከመሀል ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወዲያ ሰበቡ በየጊዜው ተለዋወጠ። መጀመሪያ "በሚቀጥለው መኪና ይመጣል" ተባልኩ። በሳምንቱ "በስህተት ባህር ዳር ወርዶ ይሆናል"። በመጨረሻ "የመንገዱን ሁኔታ ያውቁት የለ እንዴ!"

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የጥልፍ ክር ነው፤ 38 ሺህ ብር የከፈልኩበት። ሁለት ጥልፍ ሠሪዎች ግማሽ የደረሰ ቀሚስ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። ጥልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክሩ ከሌላ ማቅለሚያ ከወጣ ቀለሙ አይገጥምም። በተገኘው ክር ጨረሱት። አንደኛዋ ሙሽራ ልዩነቱን ወዲያው ነው ያየችው።

ደረሰኙን በደንብ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። "5 ካርቶን ዕቃ" ይላል። ምን ዕቃ? የለም። ክብደት? የለም። ለዋጋማ መጻፊያ ቦታም አልተተወለትም። ከታች ግን በደቃቅ ፊደል "ለጠፋም ሆነ ለተበላሸ ዕቃ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም" የሚል አለበት። ኃላፊው አዝኖልኝ (እንደዚያ ነው ያለው) የማጓጓዣውን ሦስት እጥፍ ልመልስልዎ አለኝ። ለአንድ ካርቶን የከፈልኩት 250 ብር ነው። እንግዲህ 750 ብር መሆኑ ነው። አልተቀበልኩም።

የእህቴ ልጅ ሕግ ተምሯል። ደረሰኙን አየና "ይቺ ከታች ያለችው የእነሱ ምኞት ናት" አለኝ። በየብስ ዕቃ ማጓጓዝ ራሱን የቻለ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 547/1999። አዲሱ የንግድ ሕግ ስለ መጣ የድሮው ቀርቷል የሚሉም አሉ። የ2013ቱ ሕግ የነካው ነጋዴውን፣ ማኅበሩንና ኪሳራውን ነው፤ ማጓጓዝን አልነካም። ነገሩ ሲጨመቅ ቀላል ነው። አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ሰዓት ጀምሮ እስኪያስረክብ ድረስ ለጠፋውም ለተበላሸውም ተጠያቂ ነው። ማን እንደወሰደው ማወቅ የእኔ ሥራ አይደለም። አምስት ተረክቦ አራት ማስረከቡን ካሳየሁ ይበቃኛል። ለእሱም ማምለጫ አለው፤ ጥፋቱ የላኪው ከሆነ፣ ዕቃው በባሕርዩ የሚበላሽ ከሆነ፣ አስተሻሸጉ ጉድለት ካለበት ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ከገጠመው። ያንን ግን የሚያስረዳው እሱ ነው።

እዚች "ከአቅም በላይ" ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ጋ ለዘገየውም፣ ለተሰበረውም፣ ለጠፋውም መልሱ አንድ ሆኗል፤ መንገዱ። መንገዱ ከባድ መሆኑን ማን ይክዳል? ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስና በባህር ዳር በኩል ነው የሚመጣው። ሲዘጋ ስንት ቀን ያስቆማል። ሹፌሮቹ ነፍሳቸውን ሸጠው ነው የሚነዱት፤ እነሱን አልወቅስም። መኪናው ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ግን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1792 ላይ ለዚህ ነገር መለኪያ አስቀምጧል። አስቀድሞ ሊገመት የማይችል መሆን አለበት። ግዴታን ለመፈጸም ፈጽሞ የሚከለክልም መሆን አለበት። የመንገዱን ነገር እያወቀ ጭነት የተቀበለ ሰው "አልገመትኩም" ቢል ያስቸግረዋል። ደግሞስ አራቱ ካርቶኖች በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ በሰላም ገብተዋል። ሽፍታ መኪና አስቁሞ፣ ቁጥር 4ን ብቻ መርጦ አውርዶ፣ ሹፌሩን መልካም መንገድ ብሎ ይሸኛል? ካርቶኔ የጠፋው ወይ አዲስ አበባ ሲጫን ነው፣ ወይ እዚህ ሲራገፍ።

"መኪናው ኢንሹራንስ አለው" ያለኝም ነበር። ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ለመኪና አደጋ ነው እንጂ ለጠፋ ክር አይደለም።

የእኔም ጥፋት አለበት። ዋጋውን አላስጻፍኩም። 250 ብር ተቀብሎ፣ ውስጡ ክር ይሁን ወርቅ የማያውቅ ሰው፣ 38 ሺህ ብር ክፈል ሲባል ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ዋጋው ተጽፎ ተጨማሪ ክፈይ ብባል ግን እከፍል ነበር። ጎረቤቶቼን ብጠይቅ አንዳቸውም ዋጋ አስጽፈው አያውቁም። እንዲያውም አንዷ "ዋጋው ከታወቀ ይሰረቃል" ብላ ውድ ዕቃዋን "አሮጌ ልብስ" እያስባለች ነው የምታስልከው። ቢጠፋባት የአሮጌ ልብስ ዋጋ ልትቀበል ነው።

ልሳሳት ስል የዳንኩትም አለ። አራቱን ካርቶን ልወስድ ስል ልጁ መዝገቡን አዙሮ ሰጠኝ። "5 ካርቶን ተረክቤያለሁ" ይላል። ባጃጁ ውጭ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ከጎኔ የቆመ የሞባይል ዕቃ ነጋዴ ልጅ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "አራት ብለው ይጻፉ። ቁጥር 4 ጎድሏል ብለው ነው የሚፈርሙት" አለኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ያለ ቅሬታ የፈረመ ሰው ሁሉንም በደህና እንደተቀበለ ነው የሚቆጠረው፤ አልተቀበልኩም ካለ ማስረዳቱ ወደ እሱ ይዞራል። አሁን ክሱን ስናዘጋጅ ከፎቶው ቀጥሎ የያዝነው ማስረጃ ያቺ በእጄ የጻፍኳት መስመር ናት።

ጋዜጠኞቻችሁ አንድ ነገር ጠይቀው ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። ጭነት ቤቶች ፈቃድ ሲያድሱ ግብር መክፈላቸው ይጣራል። ለደንበኛ የሚሰጡትን ደረሰኝ አንስቶ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ክብደቱና ዋጋው የሚጻፍበት ቦታ አለው ወይ ብሎ የሚያይስ አለ? ያቺን የደቃቅ ፊደል መስመር ያነበበ ሹም አለ?

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጎንደር፣ አራዳ