ኮንደንሰር ከመግዛታችሁ በፊት አጨብጭቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን በቤት ውስጥ ድምፅ ስለመቅዳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ዘፋኝ ሁሉ ኮንደንሰር ማይክ ይግዛ የምትለዋ ምክር አልተዋጠችልኝም። እኔ ደሴ ውስጥ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ነው የምቀዳው። ይቺኑ ምክር ሰምተው ገዝተው የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ጣጣው እኔ ላይ ነው።

ኮንደንሰር ጆሮው ስል ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። አምባሰል ወይም ባቲ የሚያዜም ሰው ጉሮሮው ላይ የሚሠራትን ጥቃቅን ነገር አንድ ሳያስቀር ይይዛል፣ ግን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የባጃጁን ጥሩምባና የጎረቤቱን ዶሮም አብሮ ይቀዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍላችሁ መሃል ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። ድምፁ እያቃጨለ ከተመለሰ ገንዘባችሁን ለወፍራም ብርድ ልብስና ለፍራሽ አውሉት፣ ግድግዳውን ሸፍኑት። ጫጫታው ከውጭ ከሆነና ማስቆም ካልቻላችሁ ደግሞ ዳይናሚክ የሚባለውን፣ ጆሮው እንደ ኮንደንሰር ያልሰላውን ማይክ ግዙ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሹር ኤስኤም 58 የተባለው ዳይናሚክ ለመድረክ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ተጠግተው ከዘፈኑበት እንዲህ ባለ ክፍል ከርካሽ ኮንደንሰር በብዙ ይሻላል። እርግጥ ከማይኩ የሚወጣው ድምፅ ደከም ስለሚል ጌይኑ (ድምፅ የማጉላት አቅሙ) የማያንስ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን፣ ይፈልጋል።

እሺ፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው እንበል። ያኔ ኮንደንሰር ይሁን፣ ግን በወርቃማ ቀለሙ አትሸወዱ። ማይኩ ራሱ የሚያሰማው ሹሹታ ስንት ዴሲቤል እንደሆነ ወረቀቱ ላይ እዩ። ሮድ ኤንቲ 1ኤ የሚባለው ማይክ 5 ዴሲቤል ነው። 20 ከዘለለ ዝግ ባለ ትዝታ ላይ መሰማቱ አይቀርም። ደግሞ አብዛኛው የስቱዲዮ ኮንደንሰር 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ በኩል የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፣ ላፕቶፕ ላይ ያለችው የማይክ ቀዳዳ ይህን አትሰጥም። «ማይኬ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ስንቱ ደህና ነው መሰላችሁ!

ቀጭኑን ድምፅ የሚያጋንን ማይክ «ሰ»ንና «ጸ»ን እንደ መርፌ ነው የሚያደርጋቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በደንብ ስሙ። ስትቀዱም ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ ትንሽ ወደ ጎንም አዙሩት።

መንዙማ ለሚቀዳ ሰው ነገሩ ይለያል። ጭብጨባውም ድቤውም የመሪው ማይክ ውስጥ ይገባሉ። እኔ ለመሪው ዳይናሚክ እሰጠዋለሁ፣ ለተቀባዮቹ አንድ ኮንደንሰር ከፊታቸው ራቅ አድርጌ አቆማለሁ። ካርዲዮይድ የሆነ፣ ማለትም በዋናነት ከፊቱ ያለውን የሚሰማ ማይክ በጀርባው ብዙም ስለማይሰማ ድቤ መቺው በዚያ በኩል ይቀመጥ። በዚህ ብቻ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ «ሄሎ፣ ሄሎ» ብሎ ቢያሳያችሁ እሺ እንዳትሉ። የራሳችሁን ዜማ እዚያው ዝፈኑበት፣ ካፈራችሁ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ