የመፍትሔ ድግግሞሽ፦ ለኮምቦልቻው ወዳጄ

ደሴ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ የቶሳ ብርድ እንዳለ ነው። ሐረጎን ወርዶ መገናኘት እየተቻለ ይህን ያህል መጠፋፋታችን ይቆጨኛል። ጥያቄህን ግን አልረሳሁትም፤ ሲምፓይ (SymPy) የሚባለው የፓይተን የሒሳብ ፕሮግራም (ሀ−1)³=0 ሲባል ለምን አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል ብለህ ነበር።

ሶልቭ (solve) የሚባለው ትዕዛዝ የሚመልሰው የተለያዩትን መፍትሔዎች ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተደገሙ፣ ማለትም ድግግሞሻቸውን፣ አይናገርም። ሩትስ (roots) የሚለውን ትዕዛዝ ስጠው፤ 1ን ከድግግሞሹ ከ3 ጋር ይሰጥሃል። ማክሲማ (Maxima) በሚባለው ሌላ የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ሶልቭን ካስኬድክ በኋላ መልቲፕሊሲቲስ (multiplicities) የሚባለውን ተለዋዋጭ ጠይቅ። እኩልታው ፖሊኖሚያል ካልሆነ ደሪቫቲቩን (የለውጥ ፍጥነቱን) ደጋግመህ እያወጣህ ነጥቡን ተካበት፤ ዜሮ ያልሆነው የመጀመሪያው ስንተኛ ነው? ድግግሞሹ ያው ነው። ሳይን ሀ − ሀ፣ ዜሮ ላይ ሦስተኛው −1 ስለሚሆን 3 ነው።

አደራህን፣ ቁጥሮቹን በአስርዮሽ አታስገባ፤ 0.1 ሳይሆን 1/10 ብለህ ጻፍ። አስርዮሽ የሚያመጣውን ያህል ጥቂት ስህተት፣ ለምሳሌ ከ(ሀ−1)³ ላይ 10⁻¹⁵ ብትቀንስ እንኳ ሥሩ (መፍትሔው) ሦስት ቦታ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ከ1 በ10⁻⁵ ይርቃል፣ ሁለቱ ደግሞ ኮምፕሌክስ (ምናባዊ ክፍል ያላቸው ቁጥሮች) ይሆናሉ። ድግግሞሹ ጠፋ ማለት ነው። ከግምት ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መፍትሔው የሚጠጋው የኒውተን ዘዴም እንዲህ ያለ ሥር ላይ ይንቀረፈፋል፤ በየእርምጃው ስህተቱ የሚወርደው ወደ ቀድሞው 2/3 ገደማ ብቻ ነው። ድግግሞሹን ካወቅህ እርምጃውን በ3 አባዛው፤ ፍጥነቱ ይመለሳል።

ትልቁ ጣጣ ያለው እኩልታው ከአንድ ሲበልጥ ነው። ብዙ ሰው አንዱን ተለዋዋጭ አስወግዶ በቀረው ይቆጥራል፣ ይህ ደግሞ ያሳስታል። ሀ²=0 እና መ²=0ን ውሰድ፤ መ ሲወገድ ሀ² ይቀራል፣ 2 ነው ትላለህ። ትክክለኛው 4 ነው፤ እኩልታዎቹ የማያጠፏቸው 1፣ ሀ፣ መ እና ሀ·መ ናቸውና። ሲንጉላር (Singular) የሚባለው የአልጀብራ ፕሮግራም ይህን በቀጥታ ይቆጥርልሃል፦ በኤስቲዲ (std) ትዕዛዝ ቤዚሱን (ለመቁጠር የሚመች አቻ የእኩልታ ስብስብ) አውጣ፣ ከዚያ ቪዲም (vdim) በለው። ሪንጉን (ተለዋዋጮቹን የምታሳውቅበትን) ስትሠራ ዲፒ (dp) የሚባለውን ቅደም ተከተል ከመረጥክ የሁሉም ነጥቦች ድምር ይመጣል፤ ዲኤስ (ds) ከመረጥክ የኦሪጅኑ፣ የ(0፣0)፣ ብቻ። መ=ሀ² እና መ=ሀ³ን ብትሞክር ዲፒ 3፣ ዲኤስ 2 ይላሉ፤ የቀረው አንዱ የ(1፣1) ነው። እሱን ለብቻው ለማየት ሀን በሀ+1፣ መን በመ+1 ተክተህ በዲኤስ ድገመው። በዲፒ −1 ከመጣ ግን መፍትሔዎቹ ማለቂያ የላቸውም፤ ድግግሞሽ ከመቁጠርህ በፊት እኩልታ ጎድሎ እንደሆነ ፈትሽ።

ተማሪዎችህ የተቸገሩበት ባለ ሦስት እኩልታ ካለ ላክልኝ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ