«ያው ነው» ላልከኝ ልጄ

ግንቦት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ፣ የኔ ጌታ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህቺን «ይመስገን» ዛሬ ለወጉ ያህል አልጻፍኳትም። ወረቀት ፈልጌ የተቀመጥኩት ስለ እሷ ልጽፍልህ ነው።

እሁድ ስንደዋወል «ምን አዲስ ነገር አለ?» አልኩህ። «ምንም የለም እማዬ፣ ያው ነው» አልከኝ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ድምፅህ ደክሞት ነበር። አንተም መልሰህ «እናንተስ?» ስትለኝ «እኛም ያው ነን» አልኩህ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቆጨኝ። ሽንኩርት ስከትፍም፣ ልብስ ሳጥፍም «ያው ምን?» እላለሁ። በዋዜማው እኮ የግንቦት ልደታ ነበር! ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሳያድር ያን ሁሉ «ያው» ብዬ ዘጋሁት።

ስለዚህ የኛን «ያው» ዘርዝሬ ልጽፍልህ ነው።

ከሰኞ ሌሊት ልጀምር። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃለህ። ቀን ቀን 4ኛ ፎቅ ድረስ አቅም የለውም። ማታ ስንተኛ የማዕድ ቤቱን ቧንቧ ከፍተን ከሥሩ የብረት ሳፋ እናስቀምጣለን። ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቧንቧው ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ አየር ነው፣ ኽ ኽ ኽ ይላል። ቀጥሎ ሳፋው ላይ ጠብ፣ ጠብ። አባትህ ሁሌም ቀድሞ ይሰማል። «ተነሱ፣ መጣ!»

እህትህ ዓይኗን ሳትገልጥ ጀሪካኖቹን ደረደረች። መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ለወለል መወልወያ ለየነው። ንጹሑ ሲመጣ አባትህ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን ያዘ። መብራት አያበራም፣ ታውቀዋለህ። በድምፁ ነው የሚለየው። ውሃው ከታች ሲሆን ድምፁ ወፍራም ነው። ወደ አፉ ሲጠጋ እየቀጠነ ይሄዳል። «አሁን» ይላል፣ እኔ ቀጣዩን አቀብለዋለሁ። አንድ ጠብታ አይፈስም። በርሜሉም፣ ባልዲውም፣ ድስቱም ሳይቀር ሞላ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። ያን ጊዜ ውጭ ዝናብ ጀመረ። እህትህ «ሻይ ላፍላ?» አለች። በዚያ ሌሊት ሦስታችን የልደታን ዳቦ ትራፊ በሻይ እየነከርን በላን። አባትህ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ እህትህ ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ።

ይኸውልህ፣ ይሄ በሳምንት ሁለቴ የሚሆን ነገር ነው። ድሮ ስነሳ አጉረመርም ነበር። አሁንም እንቅልፌን እወደዋለሁ። ግን ልጆች ሲያድጉ ቤተሰብ በአንድ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ሥራ ስንት ይቀራል?

ሳልረሳ፣ በአቆጣጠራችን አሁን ጸደይ ላይ ነን። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል የመስከረም አደይ አበባ ይመጣለታል። የመስከረም 26ቱ ግን መፀው ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። እናንተም ጋ፣ ፍራንክፈርት፣ አሁን ዛፉ ሁሉ ለምልሟል፣ ፎቶ ልከህልኛል። ስለዚህ አንተም እኛም አንድ ወቅት ላይ ነን። ይሄን ሳስብ ደስ አለኝ።

የኛ ጸደይ የበልግ ዝናብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ታይና ልብስ ታሰጣለህ፣ ከሰዓት ሳታስበው ዱብ ይላል። ማክሰኞ የአልጋ ልብስ ሁሉ አጥቤ ሰቅዬ ገበያ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ መስኮቱ ላይ ጠብታ አየሁ። አለቀ አልኩ። ቤት ስደርስ በረንዳችን በር ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሯል። የ3ኛ ፎቋ ጎረቤታችን ነች። የራሷን ሳታነሳ ነው የኛን ያነሳችው፤ የሷ አንሶላ ገመዱ ላይ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። «ያንቺ ሊደርቅ ተቃርቦ ነበር፣ የኔ ገና እርጥብ ነው ብዬ ነው» አለችኝ። አስበው። በዚያ ጥድፊያ የቱ እንደደረቀ በእጇ ዳብሳ ለይታለች።

እናቴ፣ አያትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማታ መሶቡ ሲነሳ «ተመስገን» ብላ አታቆምም ነበር። «ተመስገን፣ ላሟ ዛሬ ረግታ ታለበች።» «ተመስገን፣ ያ ሳል ልጁን ለቀቀው።» አንድ ቀን «ተመስገን፣ ጨው አላለቀብንም» ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ጨው ባለማለቁ ሰው ያመሰግናል? ዝም ብላ አየችኝና «ሲያልቅ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። እኔ ከተማ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ ልጅ ወልጄ ሳለሁ ምክንያቱን ጣልኩትና «ተመስገን»ን ብቻ ያዝኩ። «እንዴት አደርሽ?» «ተመስገን።» ጠያቂውም ያልፋል፣ እኔም አልፋለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ የእናቴን ልማድ መልሼዋለሁ። እራት ላይ ሁላችንም አንድ አንድ ነገር እንናገራለን። አባትህ መጀመሪያ «ደህና ዋልን፣ ሌላ ምን ይባላል?» እያለ አስቸገረኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አንድ ማታ ራሱ ጀመረ። «ተመስገን፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ አንድ ልጅ ጉልበቴን እንዴት እንደምይዘው አይቶ ከፊት ወንበር ተነሳልኝ።» ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «የኛን ልጅ መሰለኝ» አለ። ማናችንም ቀና አላልንም። እህትህ ፈተና እየደረሰባት ስለሆነ የሷ ምስጋና ሁሌ ሒሳብ ነው፤ የገባት ቀን ፊቷን ብታየው!

የኔን ልንገርህ። ዛሬ ረቡዕ ነው። በዓለ ሃምሳ ላይ ስለሆንን ረቡዕና አርብም ጾም የለም። ለምሳ የሠራሁት ሽሮ ላይ ቅቤ ጠብ አደረግኩበት። 55 ቀን ጾመን ከወጣን ወር ሆኖናል፣ አሁንም ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው አዲስ ነው የሚሆንብኝ።

ሁሉ ሙሉ ነው እያልኩህ አይደለም፣ ልጄ። ገበያው እሳት ነው። የአባትህ ጉልበት ደረጃው ላይ እየባሰበት ነው፣ 2ኛ ፎቅ ላይ ቆሞ እስኪያርፍ እጠብቀዋለሁ። አንተ ደግሞ የለህም። በነዚህ ላይ ተመስገን ልበል ብል አፌ አይታዘዘኝም። አንተም እዚያ ብርዱ፣ ቋንቋው፣ ብቻህን መብላቱ ሲከብድህ «ደስ ይበልህ» አልልህም። ሲከፋህ መከፋትህን ንገረኝ፣ እናትህ ነኝ።

ግን አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። 2ኛ ክፍል ሳለህ ነው። ትምህርት ቤትህ በር ላይ የነበረችውን ጃካራንዳ ታስታውሳለህ? ልክ እንዳሁኑ ወቅት አበባዋ ረግፎ መሬቱ ሐምራዊ ሆኗል። አሥሩንም ጣቶችህን በአበባ ሰክተህ መጣህ። እንዳይወልቅብህ እጅህን ዘርግተህ ነበር፣ ቦርሳህን የተሸከመችልህ የጓደኛህ እናት ነች፣ በር ያንኳኳችልህም እሷ። እኔ ጠረጴዛ ላይ የወሩን ወጪ እየደመርኩ ነው። «እማዬ እይ!» አልከኝ። «ቆይ፣ ሥራ ይዣለሁ» አልኩህ። ደምሬ ስጨርስ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶሃል። አበባዎቹ ጠውልገው ወለሉ ላይ ነበሩ። ጠረግኳቸው።

ዘንድሮ ስታብብ ሄጄ ከሥሯ ቆምኩ። አንዱን አንስቼ ጣቴ ላይ ሞከርኩት። እኔ ጋ ትንሿ ጣት ላይ ብቻ ነው የሚገባው።

ስለ ልደታ ደግሞ እሁድ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ቅዳሜ ነበር የዋለው። ሁላችንም ብር አዋጥተን ነበር። ከፎቁ ሥር እሳት ነደደ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው አንድ ላይ ተቀቀለ። ማርያም ሊባኖስ ተራራ ላይ ደጅ ነው የተወለደችው ስለሚባል ንፍሮው ውጭ ነው የሚበላው፣ ያንን አትረሳውም። ልጅ ሆነህ በኪስህ ወደ ቤት ልታስገባ ስትል እንዴት እንደጮሁብህ! የ2ኛ ፎቋ ሙስሊም ጎረቤታችን ጀበናዋን ይዛ ወረደች፣ ቡናውን እሷ ናት ያፈላችው። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ግን አላካፋም።

ሲመረቅ የግቢው ትልቅ እናት ቆሙ። «ከዓመት ዓመት ያድርሰን» አሉ። አሜን አልን። «የታመመውን ይማርልን።» አሜን። «በሰው አገር ያሉትን ልጆቻችንን በያሉበት ይጠብቅልን» ሲሉ የወጣው አሜን ግን ሌላ ነበር። ዞር ብዬ አየሁ። የ1ኛ ፎቋ ልጅ ቤይሩት ናት። የዚያኛው ብሎክ ልጅ ዱባይ። ወላጆቻቸውም እኔን አዩኝ። ከዚያ ንፍሮ ተቃመ፣ ወሬው ቀጠለ።

እንግዲህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስትደውል «ያው ነው» ማለት ትችላለህ፣ ግን አንድ ነገር ጨምርበት። የበላኸውን ይሁን፣ መንገድ ላይ ያየኸውን ይሁን። ትልቅ ነገር አልፈልግም። እሁድ እኮ ልትዘጋ ስትል ነግረኸኛል፣ ራስህ አላስተዋልከውም። «እንቅልፍ እንኳ የለም እማዬ፣ ወፎቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምረው ይጮሃሉ» አልከኝ። ስንት ወፍ ቢሆን ነው? ዛፉ መስኮትህ ሥር ነው? ድምፃቸውስ የኛን ወፎች ይመስላል? ሳልጠይቅህ ዘጋን።

በብርዱ ወራት በ2 ሰዓት ነበር የምንራራቀው። እናንተ ሰዓታችሁን ወደፊት ከገፋችሁ ወዲህ በ1 ሰዓት ብቻ ነው። ፍራንክፈርት 10 ሰዓት ሲሆን እዚህ 11 ነው። በ11 ሰዓት እኔ ለጸሎት ተነስቻለሁ፣ መስኮቱንም ከፍቻለሁ። እዚህም ወፎቹ ጀምረዋል። ነገ ሲቀሰቅሱህ መልሰህ ከመተኛትህ በፊት ደውልልኝና ስልኩን መስኮቱ ጋ አድርግልኝ።

አባትህና እህትህ ስመውሃል። እኔም ዓይንህን ስሜሃለሁ።

እናትህ