ላልተሰጠኝ አይፒ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢው ድርጅት፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ሀዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። አቶቴ አካባቢ የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። ሰኔ ላይ የቤት ኢንተርኔት ሳስገባ፣ ለፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ከውጭ ሰው በቀጥታ ቤቴን ለሚያገኝበት የራሴ የኢንተርኔት አድራሻ፣ በወር 500 ብር ጨምሬ እንድከፍል ተስማምተን ነበር። እስከ መስከረም የ4 ወር ከፍያለሁ። አይፒውን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ይባስ ብሎ ጥፋቱ የሊኑክስህ ነው ተባልኩ፤ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሬን የማስነሳበት ሥርዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ዴስክቶፕ ነበረኝ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04ን ጫንኩበትና ሰርቨር፣ ማለትም ፋይሎችን ለሌሎች የሚያቀርብ ኮምፒውተር አደረግኩት። የአባቴን ፎቶዎችና የቤቱን ሰነዶች ስካን አድርጌ አስገባሁ፤ ድሬዳዋ ያለችው እህቴ በፈለገች ሰዓት ከስልኳ እንድታያቸው ብዬ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አድራሻው እንዳይቀያየር 192.168.1.10 በሚባል የቤት ውስጥ አድራሻ ላይ ቋሚ አደረግኩት። ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ይሰራል። ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ ማዘዣ) ገብቼ አዘዋለሁ። እህቴ ግን ብትሞክር ብትሞክር አልከፈት አላት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ራውተሩ ላይ ፖርት 443ን፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚገባበትን በር፣ ወደ ሰርቨሩ አዞርኩ። ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን ፋየርዎል ፈተሽኩ። ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም። በመጨረሻ ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒ ደምፕ የተባለውን የሚገባ የሚወጣውን መረጃ ማሳያ ከፍቼ፣ እህቴን በስልክ "በይ አሁን ሞክሪ" እያልኩ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። አንድ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) እንኳ አልመጣም። ደጄ ያልደረሰን እንግዳ እንዴት ብዬ በር ልዝጋበት?

ራውተሩ ከእናንተ የተቀበለውን አድራሻ ያየሁት ያኔ ነው። በ100.72 ይጀምራል። ውጭ ያሉ ድረ ገጾች የሚያሳዩኝ አይፒ ደግሞ ሌላ ነው። ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለአገልግሎት አቅራቢዎች ተለይቶ የተመደበ ነው፤ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ ፐብሊክ አይፒ ጀርባ እንዲያስቀምጡበት። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲጠቀም እንደማለት ነው። እኔ ለጻፍኩት መልስ ሲመጣ ይደርሰኛል፤ ማን እንደላከ ተመዝግቧላ። ማንም ሳይጠብቀው የመጣ ደብዳቤ ግን የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይጣላል። ዩቲዩብ ለሚያይ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ሰርቨር ላቆመ ሰው ግን ዋጋ የለውም፤ 500 ብሩን የከፈልኩትም ለዚሁ ነበር።

ስደውል "ራውተሩን አጥፍተህ አብራው" ተባልኩ። አምስት ጊዜ ደወልኩ፣ አምስት ጊዜ አጠፋሁ አበራሁ። ከዚያ ባለሙያ ላካችሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም፤ ቡና ጠጥተን ነው የተለያየነው። ብቻ ቅጹ ላይ "ደንበኛው ሊኑክስ ስለሚጠቀም፤ ዊንዶውስ ይጫንበት" ብሎ ጻፈና ጉዳዩ ተዘጋ። በማግስቱ የጎረቤቴን ባለዊንዶውስ ላፕቶፕ ተውሼ፣ በዚያው ገመድ በዚያው አድራሻ ሞከርኩት። ያው ነው። ችግሩ ከቤቴ ውጭ ነዋ!

የአይፒ እጥረት መኖሩን አላጣሁትም። አይፒቪ4 የሚባለው የተለመደው የአድራሻ ዓይነት ባለ 32 ቢት ስለሆነ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም ሕዝብ እንኳ አይበቃም። ሰኔ ላይ "የለንም" ብትሉኝ ሌላ መላ እፈልግ ነበር። ውጭ አገር ሰርቨር ተከራይቶ ዋየርጋርድ በሚባል ፕሮግራም ከቤቴ ሰርቨር ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ኪራዩ በዶላር ሆኖ ነው እንጂ። እናንተ ግን አለን ብላችሁ ገንዘቤን ተቀበላችሁ።

ስለዚህ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ፐብሊክ አይፒውን ስጡኝ። ካልሆነ 2,000 ብሬን መልሱልኝ፣ ተጨማሪ ክፍያውም ከጥቅምት ጀምሮ ይነሳልኝ። ቅጹ ላይ ስለ ሊኑክስ የተጻፈውንም አርሙልኝ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ራውተር አጥፍቶ የሚያበራ ሰው ግን አትላኩልኝ፤ እሱን እኔም ለምጄዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአቶቴው ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የ4 ወር ደረሰኝ፣ የራውተሩ ገጽ ፎቶ፣ የባለሙያው ቅጽ ቅጂ