ከመኪናውና ከተሳቢው መሀል ያለው ቱቦ የማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች።

የከባድ መኪና አደጋ ዜና ስታወጡ አብዛኛውን ጊዜ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ትሉና ትዘጉታላችሁ። ፖሊስ የነገራችሁን ነው የጻፋችሁት፣ አልፈርድባችሁም። ግን ፍሬን ዝም ብሎ እምቢ አይልም። ወይ እየተፋጨ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ አልቋል፣ ወይ ግሏል፣ ወይ አንድ ቦታ አየር እያመለጠው ነው። ስለ ሸራ ሁሉም ያወራል። እኔ የምጽፈው ማንም ስለማያነሳው ነገር ነው፦ ከመኪናው ወደ ተሳቢው ስለሚሄዱት የአየር ቱቦዎችና ስለ መብራቱ ገመድ።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ግፊት ነው የሚሠራው። ሁለት የአየር ቱቦ አለ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፤ አንዳንድ መኪና ላይ በቢጫው ፋንታ ሰማያዊ ታገኛለህ። ቀዩ ሁልጊዜ አየር አለበት፣ የተሳቢውን የአየር ታንክ የሚሞላው እሱ ነው። ቢጫው ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ብቻ ነው አየር የሚያልፍበት፤ «ያዝ» የሚለውን ትእዛዝ ለተሳቢው የሚያደርሰው እሱ ነው። ሦስተኛው የመብራት ገመድ ነው። ስቶፑ፣ ፍሬቻው፣ የኋላ መብራቱ በሙሉ በዚያች አንድ ሶኬት ነው የሚያልፈው።

ቀዩ ቢፈነዳ ተሳቢው ራሱን ይዞ ይቆማል። መንገድ ይዘጋል፣ ጥሩምባ ይነፋብሃል፣ ትሰደባለህ፣ ግን ቢያንስ መበላሸቱን አውቀኸዋል። ክፉው ቢጫው ነው። ተልጦ ቀዳዳ ቢያወጣ ስትነዳ ምንም አይሰማህም፣ ምክንያቱም ካልረገጥክ አየር የለበትም። ስትረግጥ ግን አየሩ በቀዳዳው ይወጣል፣ ተሳቢው በቅጡ አይዝም፣ ጭነቱን ሁሉ የፊተኛው መኪና ብቻውን ይይዘዋል፣ በረገጥክ ቁጥር ደግሞ ከጠቅላላው አየር ላይ ይቀነስብሃል። የአፋር ሜዳ ላይ ይህን ላታውቀው ትችላለህ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርድ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ እዚያ ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ እናንተ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

አሁን ወደ ግራሶ ልምጣ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ወደሚቀባው ወፍራም ቅባት። ግራሶ ጠላት አይደለም። ተሳቢው የሚዞርበት ክብ ብረት ግራሶ ካላገኘ ይደርቃል፣ መሪ ይከብዳል። መሆን ያለበት ቦታ ላይ ይሁን። ችግሩ ቱቦዎቹ ማንጠልጠያ ስለሌላቸው እላዩ ላይ መተኛታቸው ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይ ሚሌ የቆሙትን መኪናዎች ዞር ብላችሁ ብታዩ ከጋቢናው ጀርባ የምታገኙት ይህንኑ ነው፦ ቱቦው በሽቦ ታስሯል፣ ሽቦው ላስቲኩን በልቶታል፣ የተረፈው ተንጠልጥሎ ግራሶው ላይ ይንከባለላል። መኪናው በታጠፈ ቁጥር እየተጎተተ ይመለሳል። የመንገዱ አቧራ ይጨመርበታል። ግራሶና አቧራ ሲቀላቀሉ ካርታቬትራ (የብርጭቆ ወረቀት) ማለት ናቸው፣ ቀስ እያሉ ይልጡታል።

ሌላ ደግሞ አለ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ቀዩም ቢጫውም ግራሶ ጠጥተው ሁለቱም ጥቁር ይሆናሉ። ቀለሙ የተሰጠው እንዳትሳሳት ነበር። አሁን አስቡት፣ ሌሊት ነው፣ ረዳቱ ባትሪው የበራ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ፣ እጁ እየተንሸራተተ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በግምት ያያይዛል። ጥሩ ማያያዣ ተለዋውጦ እንዳይገባ የራሱ ጥርስ አለው፣ ግን ጥርሱ ያለቀ፣ ከዚያም ብሶ ሆን ተብሎ የተሞረደ ማያያዣ አይቻለሁ። ሁለቱ ተለዋውጠው ከተያያዙ፣ አየር ሲያልቅበት ራሱ የሚይዝ ፍሬን ያለው ተሳቢ አይለቅም፣ ስለዚህ ትነቃለህ። ያ የሌለው አሮጌ ተሳቢ ከሆነ ግን ታዛዥ መስሎ ይከተልሃል። ፍሬን የለውም።

ስለ ጎሚኒዋም ልናገር። ማያያዣው ውስጥ ክብ የላስቲክ ጎሚኒ አለች፣ አየር እንዳይወጣ የምትዘጋው እሷ ናት። ስታረጅ «ፊሽሽ» ማለት ትጀምራለች። የኛ ሰው ምን ያደርጋል? ጣቱን ግራሶ ያስነካና ዙሪያዋን ይቀባታል። ድምፁ ይጠፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከነዳጅ የተሠራ ግራሶ ግን ብዙውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ጎሚኒዋ ከቦታዋ ትወጣለች ወይም ተቆርሳ ቁራጯ ወደ ውስጥ ትገባለች። በመኪና ዕቃ ዋጋ ከዚህች ጎሚኒ የረከሰ ነገር ያለ አይመስለኝም። መቀየር ነው። ትርፍ ደግሞ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ፣ ቦታ አትፈጅም።

ሶኬቱም ላይ እንዲሁ ነው። «ዝገት እንዳይበላው» ብሎ የጎማ ቋት ግራሶ የሚጠቀጥቅበት አለ። ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት አለ፣ እሱን ስስ አድርጎ መቀባት ሌላ ነገር ነው። የብረት ግራሶ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ጫፎቹ በደንብ እንዳይነካኩ ያደርጋል። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የኔጌቲቩ ጫፍ ነው፣ የመብራቱ ሁሉ መመለሻ እሱ ስለሆነ። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ የግራ ፍሬቻ ስታበራ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ስቶፕ ስትረግጥ ሌላው ከደበዘዘ፣ አምፖል አትቀይር። ኔጌቲቩን እይ። ብዙ ሰው አምፖል ሲቀያይር ይውልና ሲመሽ «እንግዲህ እንሂድ» ይላል። ከኋላው ሚኒባስ ሞልቶ ይመጣል፣ ጨለማ ውስጥ የቆመ ወይ የሚያዘግም ተሳቢ አይታየውም። ያንንም ዜና እናንተው ናችሁ የምታወጡት።

ማጽዳቱ ምንም ጥበብ የለውም፣ ግን ተሳስተን ነው የምናጸዳው። በናፍታ ወይ በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ቱቦ ላይ አታሹ። ግራሶውን ያነሳዋል፣ ላስቲኩንም አብሮ ያበላሸዋል፤ በኋላ ይሰነጣጠቃል። ለብ ያለ ውሃና ላርጎ ይበቃል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ወፍራሙን ማንሳት፣ ከዚያ በአረፋው ማጠብ፣ ማድረቅ። አንድ ነገር ስታጥብ ሁለት ታገኛለህ፦ ሞተር አስነስተህ አየሩን ሙላ፣ ሌላ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝልህ፣ አንተ አረፋውን በየመጋጠሚያውና በቱቦው ርዝመት ሁሉ ቀባው። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ካለ ቀዳዳህ እዚያ ነው። ፍሬኑ ካልተረገጠ የቢጫው ቀዳዳ በፍጹም አይታይም፣ ይህን አስምሩበት። መኪናውም ጎማው ላይ ድንጋይ ይደረግለት፣ እባካችሁ፣ በረዳት ሕይወት አንቀልድ።

አሰቃቀሉ ደግሞ እንዲህ ነው። ከላይ በሞላ ይንጠልጠል፤ ስትታጠፍ ሞላው ይለጠጣል፣ ስትቃና ይመልሰዋል። ሞላው ከሌለ የካላማዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭም ይሠራል፣ ይለጠጣልና፤ ሽቦ ግን በጭራሽ። ቱቦውን በጣም አሳጥሮ መወጠርም ስህተት ነው። ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙረህ ውረድና እይ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። የትም ቦታ ከተወጠረ አጭር ነው፣ ግራሶውን ወይ የጭስ ማውጫውን ከነካ ረጅም ነው። ተሳቢውን ፈትተህ ስትሄድ ደግሞ የቱቦዎቹን ጫፍ መሬት ላይ አትጣል፤ መኪናው ላይ ማስቀመጫ ካለው እዚያ ስካው፣ ከሌለው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ እሰረው። ፌስታል የሚያስሩ አሉ፣ ከምንም ይሻላል፣ ግን ላብ ስለሚይዝ ብዙ ቀን አይተው። ጅቡቲ ሲሆን ደግሞ ባሕሩ አለ፣ ጨዋማው አየር የሶኬቱን ጫፎች አረንጓዴ ያደርጋቸዋል፣ ክዳኑ ሁልጊዜ መዘጋት አለበት። ስንቱ ሶኬት ነው ክዳን ያለው? እስቲ ቁጠሩ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያድርገው? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለንብረቱ ጎማና ባትሪ ይገዛል። ሹፌሩ ጋቢናውን ያሳምራል፤ ባለ ዘርፍ መጋረጃ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የሚያብለጨልጭ ጌጥ፣ እኔም ራሴ እወዳለሁ፣ አልደብቅም። ቱቦውና ገመዱ ግን «የረዳት ሥራ» ነው ተብሎ ለልጁ ይተዋል። ልጁ ደግሞ ያስተማረው ሌላ ረዳት ነው፣ ያንን ያስተማረው ሌላ። «ይህ ቀይ የሆነው ለምንድነው?» ብለህ ብትጠይቀው አንዳንዱ ያፍራል። የሱ ጥፋት አይደለም፣ ማን ነገረው? በአንድ ወቅት የሠራሁበት ድርጅት አዲስ ቱቦ ግዙልን ስንል የሚሰጠን መልስ «ቀጥሉት» ነበር። ቀጠልነው፣ በብረት ቱቦና በሁለት ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት)። የተቀጠለ የፍሬን ቱቦ ላይ አርባ ቶን ጭነህ ቁልቁል ስትወርድ ምን እንደሚሰማህ ለነሱ ማስረዳት አይቻልም።

ቦሎ ሲደርስ ምርመራ አለ፣ አውቃለሁ። ግን ለምርመራው ቀን የሚዋሱት ዕቃ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ትሪያንግልም ይዋሳል፣ እሳት ማጥፊያም ይዋሳል። ቱቦውም ለዚያ ቀን ይታጠባል። መርማሪዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መኪናውና ተሳቢው እንደተያያዙ ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ ይያዝ፣ እናንተ ውረዱና መሀሉ ላይ ቁማችሁ አዳምጡ። መሣሪያ አያስፈልገውም።

አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ የአክስቴ ልጅ አለ። እዚያ ሕጉ ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት የተሳቢው የፍሬን ማያያዣ ደህና መሆኑን ራሱ እንዲያረጋግጥ ያዛል ይለኛል። የውስጥ ክሩ ድረስ የተጎዳ የአየር ቱቦ መንገድ ላይ ከተገኘ መኪናው እስኪጠገን እዚያው ይቆማል፣ «እስከ ከተማ ድረስ ልድረስ» የለም። እኛ ጋ ይሄ ይደረግ ብል ግማሹ መኪና የጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ቆሞ ይቀራል ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ይሁን። ቢያንስ ከሹፌሩ ጋር አንድ ሰው ይጠየቅ፦ ይህ ቱቦ መቼ ተገዛ፣ ማን ገዛው?

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የምትገዙ ወንድሞች ደግሞ፣ ሻጩ «የአየር ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ። ቱቦው ላይ የሚችለው የግፊት መጠን መጻፍ አለበት። የኛ መኪና ፍሬን ወደ 8 ባር አካባቢ ነው የሚሠራው፣ ከዚያ በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። የውሃ ቱቦ ቀይ ስለተቀባ የፍሬን ቱቦ አይሆንም።

ለአዘጋጆች የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ በሚቀጥለው የአደጋ ቦታ ላይ ጋዜጠኛችሁ ሲሄድ የተገለበጠውን ጋቢና ፎቶ ካነሳ በኋላ ከመኪናውና ከተሳቢው መሀል ያለውንም አንድ ያንሳ፣ ከተረፈ። ፎቶውን ካወጣችሁት እኛ ሹፌሮቹ አይተን ምን እንደሆነ እንነግራችኋለን።

ከአንድ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሹፌር፣ ሞጆ