ዘጠኝ ዓመት ረቂቅ ውስጥ፦ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሰበር ውሳኔ እኛ ዘንድ እንዲደርስልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ደሴ ውስጥ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ድሮ ራፖር ጸሐፊ ይሉን ነበር። ጠበቃ አይደለሁም፤ የሚከፈለኝ በገጽ ነው። በታይፕ ጀምሬ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ደርሻለሁ፤ ጃንጥላዬ ግን ያው ነው። ከወረባቦ፣ ከኩታበር፣ ከለጋምቦ የሚመጣ ባለጉዳይ ዳኛውን ከማየቱ በፊት እኔን ያያል። ከተረታም በኋላ ይግባኝ ሊያስጽፍ የሚመለሰው እኔው ጋ ነው። ሕግ ሲተረጎም ከበሩ ሆኜ፣ ሲገባም ሲወጣም አየዋለሁ።

አንዲት እናት አሉ፣ ከአእምሮዬ የማይጠፉ። በ1996 ዓ.ም. ልጃቸው ከቤሩት በላከችው ገንዘብ እዚሁ ደሴ ሁለት ክፍል ቤት ገዙ። ውሉ የተጻፈው በሻጭ ቤት ነው። ሦስት ምስክር ፈረመ፣ እሳቸው አሻራቸውን አደረጉ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? ኖሩበት። ግቢው ውስጥ ጌሾ ተከሉ፣ ማድ ቤት ሠሩ። ሻጭ ሞተ። በ2005 ዓ.ም. ወራሾቹ ከሰሱ፤ ካርታው በሟች ስም ነው፣ ውል የሚባለውንም አናውቅም አሉ። ዳኛው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ተመዝግቧል?» አልተመዘገበም። አለቀ።

ፍርዱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አንቀጽ 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘውን ፎርም ያላሟላ ውል ረቂቅ ነው ይላል። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት ረቂቅ ውስጥ ነው የኖርኩት?» አሉኝ። ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ ስለተባለ የ1996ቱ ገንዘብ ተመለሰላቸው። በዚያ ገንዘብ በ2005 ደሴ ላይ ቤት ቀርቶ የቤት በር ለመግዛት እንኳ ያስቸግር ነበር።

ዳኛውን አልወቅስም፤ እጃቸው የታሰረ ነው። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ የሚያርመው የእርስዎ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ምዝገባው ግዴታ ነው ብሎ ተርጉሟል። በአዋጅ 454/1997 መሠረት ደግሞ ቢያንስ 5 ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራልንም የክልልንም ፍርድ ቤት በየደረጃው ያስገድዳል። ያ አዋጅ ዛሬ በ1234/2013 ተተክቷል፤ አስገዳጅነቱ ግን ቀጥሏል። የወረዳ ዳኛ ምን ያድርግ?

የማዝነው በሌላ ነው። ሴትዮዋ ውሉን ሲያደርጉ ይህ ትርጉም ገና አልነበረም። ያኔ ችሎቶች ራሳቸው በአንቀጹ ላይ አይስማሙም ነበር፤ ምዝገባው ለሦስተኛ ወገን እንጂ ለገዢና ሻጭ አይደለም የሚል ዳኛ ነበር። እኔ ራሴ በዚያ ዘመን ስንት የቤት ውል በዚህ እጄ ጽፌያለሁ! በጽሑፍ የሚደረግ ውል ሁለት ምስክር ይበቃዋል የሚለውን አንቀጽ 1727 ይዤ፣ በልበ ሙሉነት። አንዳንዶቹ ባለውሎች ዛሬም በዚህ መንገድ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል። እንዳላዩ ሆኜ አልፋቸዋለሁ።

ፓርላማ አዲስ ሕግ ሲያወጣ በነጋሪት ጋዜጣ ያሳውጃል፤ ሕጉም በልማድ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ትርጉም ግን ወደ ኋላ ሄዶ የድሮውን ውል ይይዛል። «አንቀጹ ከ1952 ጀምሮ ነበር፤ ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» ይሉኝ ይሆናል። እሺ። ዳኛ ከዳኛ ያልተስማማበትን አንቀጽ የወረባቦ ገበሬ በትክክል ይረዳው ዘንድ መጠበቅ ግን ይከብዳል። ደግሞ ሰበር ራሱ ኋላ ላይ ነገሩን አለዝቦታል፤ ሻጭ መሸጡን እያመነ «አልተመዘገበም» ብሎ ብቻ እንዳያመልጥ። ይህን የሚያውቅ ገዢ ሻጩ በሕይወት ሳለ ያስመዘግባል፣ ካልሆነም መሸጡን ያሳምነዋል። የማያውቀው ሻጩን ቀብሮ ሲመለስ መጥሪያ ይጠብቀዋል።

ሰበርን ለማማት ብቻ አይደለም የምጽፈው። ሌላም ቀን አለ። አንዲት አክስት መጡ፤ የእህታቸውን ልጅ ከጡት ጀምሮ ያሳደጉ። እናትየዋ ሞታለች፤ አባት ለዓመታት ዞር ብሎ ሳያይ ቆይቶ ልጄን አምጡ ብሎ ከሷል። «አባት አባት ነው፤ ምን እላለሁ?» ብለው እጃቸውን ሰጥተው ነበር። አንድ ወዳጄ በፍላሽ የሰጠኝ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ውስጥ መዝገብ ቁጥር 23632 ትዝ አለኝ። ነገሩ ልክ የእሳቸው ነው፦ ልጁን ጥሎ የሄደ አባት፣ ያሳደገች አክስት። ሰበር የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሽሮ ልጁን ለአክስቱ የተወው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ነው፤ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ። ያንን ማመልከቻ ስጽፍ ክፍያ አልጠየቅሁም። እናት ዓረብ አገር ሄዳ፣ ልጅ አያት ወይም አክስት ዘንድ የቀረበት ቤት ወሎ ውስጥ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ውሳኔ ለእነሱ የተጻፈ ያህል ነው። የሰማ ግን የለም። እኔም ያገኘሁት በዕድል ነው።

ሕገ መንግሥት ሲነሣ አንዳንድ ችሎት ድንግጥ ይላል፤ «ይህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ አንቀጽ 62 እንደዚያ ይላል፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤም አለ። ግን አንቀጽ 13 በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ የዳኝነት አካሉንም ይጨምራል። 23632 ላይ ሰበር አደረገው፤ ሌላው ለምን ይፈራል?

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነገርም ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወሎ ነን፤ አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ቤት ብርቅ አይደለም። ውርስ ሲመጣ ታዲያ የት ይዳኙ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ፍርድ ቤት መዳኘት በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው ይላል። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከመጀመሪያው አልፈቀድንም ያሉ ተከራካሪዎችን ጉዳይ አይቶ፣ ሰበር ሳይቀር ያጸናውን የሸሪዓ ፍርድ ሽሯል። ይህንን ስነግራቸው ባለጉዳዮቼ «እንቢ ማለት ይቻላል እንዴ?» ይሉኛል። ፈቅደው የሚሄዱም ሞልተዋል፣ መብታቸው ነው። መጀመሪያ ግን ምርጫ እንዳለ ማወቅ አለ።

በወንጀል በኩል አንድ ነገር ብቻ ልበል። በእኛ በኩል አበጋር፣ ወደ ራያ ቆቦ ደግሞ ዘወልድ የሚባሉ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ። ካሳ ተከፍሎ፣ ሟችና ገዳይ ወገን ታርቆ ሲያበቃ ቤተሰቡ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ግን ተራ የሰው ግድያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ዕርቅ ክሱን አይዘጋውም። እውነተኛ ጸጸትና ጉዳትን መካስ ግን በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው። ይህን የሚያነሣለት ሲያገኝ ያተርፋል፤ ሲያጣ ዕርቁ ከችሎት ደጅ ይቀራል።

የምጠይቀው ዳኝነት፦

አዋጅ 454 ፍርድ ቤቱ አስገዳጅ ውሳኔዎችን አሳትሞ እንዲያሰራጭ አዝዞ ነበር። ከ20 በላይ ቅጽ ወጥቷል፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን በቴሌግራም፣ ገጹ ፎቶ ተነሥቶ፣ አንድ ቃል መፈለግ በማይቻልበት መልክ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ስለዚህ ሕዝቡን የሚነካ እያንዳንዱ ውሳኔ ግማሽ ገጽ በማትሞላ፣ ዳኛ ያልሆነ ሰው በሚገባው አማርኛ ተጠቃልሎ በየወረዳው ፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለከሚሴ በኦሮምኛ ይሁን። ማንበብ ለማይችለው፣ ገበያ በሚቆምበት ቀን ሬጅስትራሩ ችሎት ከመጀመሩ በፊት ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

ሌላው ይከብዳል፣ ግን እጠይቃለሁ። ሰዉ ለረጅም ጊዜ ተማምኖ ሲሠራበት የኖረውን ነገር አዲስ ትርጉም ሲያፈርሰው፣ ችሎቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና ራሱ ይወስን። ከዛሬ ለሚደረግ ውል ይጥበቅ። ለድሮው ምስክርና ይዞታ ይታይለት።

ከላይ የጻፍኩት እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።

አመልካች
ከደሴ፣ ከጃንጥላው ሥር