ያለ ጥናት የተተከለ የፍጥነት ሰሌዳ እና የእኛ «ንካው»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በከተማችን በአዳማ ስለ ፍጥነት ገደብ በተነሣ ቁጥር ነጂው «ሰሌዳው የተተከለው ለመቅጫ ነው» ይላል፤ እግረኛው ደግሞ «ነጂ ሕግ አያውቅም» ብሎ ይመልሳል። መኪና የምነዳም በእግሬ የምሄድም ሰው እንደ መሆኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት እንዳላቸው አያለሁ። ሁለቱም የሚዘነጉት ግን ያለ ጥናት የተተከለ ሰሌዳ ከማንም በፊት የሚጎዳው በጥናት የተተከለውን ሰሌዳ መሆኑን፣ የእኛም ራስ ወዳድነት ይህንኑ ጉድለት ሰበብ አድርጎ መኖሩን ነው።

ከከተማው መውጫዎች በአንዱ መንገዱ ሲጠገን የቆመ የ20 ኪሎ ሜትር ሰሌዳ ሥራው አልቆ ሠራተኛውም ማሽኑም ከሄደ በኋላ እዚያው ቀርቷል። አስፋልቱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ በግራና በቀኝ መኖሪያ ቤት የለም። እዚያ ቦታ በ20 የሚነዳ ሰው አላየሁም፤ ቁጥጥር በሚኖርበት ቀን ግን ሰሌዳው ሕግ ነውና ዕጣ የወጣበት ይቀጣል። በአንጻሩ ተማሪዎች በሚሻገሩበት፣ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በአንድ ጠባብ አስፋልት በሚጋፉበት ሠፈር ምንም ዓይነት የፍጥነት ምልክት የለም። ነዋሪው መጠበቅ ቢሰለቸው ራሱ አፈርና ድንጋይ ቆልሎ ጉብታ ሠርቷል። ጉብታው ቀለም ስላልተቀባ በማታ ለሞተረኛ ወጥመድ ነው፤ ታማሚ ለያዘ አምቡላንስም እንዲሁ። ነዋሪውን ግን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም፤ መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው አካል አልሠራምና።

አዳማን ከሌሎች ከተሞች የሚለያት አቀማመጧ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ በወለንጪቲና በአዋሽ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚዘልቀው የከባድ መኪና መስመርም፣ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድም በእኛ በኩል ያልፋሉ። እግረኛና እንስሳ በማይገቡበት መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ በ100 ሲነዳ የቆየ ሰው ዓይኑ ያንን ፍጥነት ይለምዳል፤ ክፍያውን ፈጽሞ ሲወጣም 60 የቆመ ያህል ይሆንበታል። ይህ በብዙ አገሮች ጥናት የተረጋገጠ የሰው ልጅ ጠባይ ስለሆነ ነጂውን በመገሠጽ ብቻ አይታረምም። የሚታረመው ገደቡ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያለ ሲሄድ፣ ሰሌዳው ቀድሞ ሲታይ፣ የመንገዱም ቅርጽ «አሁን ከተማ ገብተሃል» ሲል ነው።

ፍጥነት መቀነስ ጊዜ ማባከን ነው ለሚሉኝ ወዳጆቼ ሒሳቡን ልሥራላቸው። 5 ኪሎ ሜትር መንገድ በ50 ፍጥነት 6 ደቂቃ፣ በ30 ደግሞ 10 ደቂቃ ይፈጃል። የተጣላንበት ነገር 4 ደቂቃ ነው፤ ያውም በመሐል ከተማ ምንም ነገር ሳያስቆመን ከተጓዝን። በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ድንገት አስፋልት ውስጥ የገባ ልጅ ያየ ነጂ እግሩ ገና ፍሬኑን ሳይነካ 14 ሜትር አልፏል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑና ጎማውም ደኅና ከሆኑ በ30 ሲሄድ የነበረው መኪና በዚያው ርቀት ውስጥ ፈጽሞ ሊቆም ይችላል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ከ30 ያልበለጠ ገደብ እንዲደረግ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከፊት ለፊታችን ራዳር የያዘ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ከሆነ ለማናውቀው ነጂ መብራት ብልጭ እናደርግለታለን፤ ይህንንም እንደ ወንድማማችነት እንቆጥረዋለን። ያ ሰው ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ መልሶ እንደሚረግጠው፣ የሚረግጠውም ምናልባት በእኛው ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ እንደሆነ አናስብም። በሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ» ሲል ትርፍ የተጫነው ተሳፋሪ ያለ አንዳች ቅሬታ ያጎነብሳል፤ ፖሊሱ እንዳለፈም ከኋላ ወንበር «ሾፌር፣ ንካው እንጂ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያው ተሳፋሪ ከመኪናው ወርዶ ዜብራ ላይ ሲቆም የሚያሳልፈው አጥቶ ነጂዎችን ይራገማል። ነጋዴው የእግረኛውን መንገድ በሸቀጥ ሞልቶ እግረኛውን ወደ አስፋልት ይገፋዋል። የቅዳሜና የእሑድ የሰርግ አጀብማ የራሱ ሕግ ያለው ይመስላል፤ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ ክላክስ እያስጮኸ፣ ካሜራ የያዘውን ልጅ በመስኮት አንጠልጥሎ ሲያልፍ ሁላችንም ፈገግ ብለን ቆመን እናሳልፈዋለን።

«ሰሌዳው ትክክል ስላልሆነ አላከብረውም» የሚለው ክርክር እኔን የማያሳምነኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ባዶ ሜዳ ላይ የቆመውን 20 የናቀ ነጂ ገበያ መሐል ያለውንም 30 ሲያከብር አላይም። ቢሆንም ሰበቡን ከእጁ መንጠቅ ይቻላል፤ መንጠቅ ያለበትም ሰሌዳውን የተከለው ክፍል ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከተው የከተማችን የትራንስፖርት አካል የአዳማን ሰሌዳዎች በሙሉ መንገድ ለመንገድ እንዲቆጥርና እንዲመረምር እጠይቃለሁ። ሰው በማይኖርበት ገላጣ መንገድ ላይ መሐንዲሶች ከመቶ ነጂዎች 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት ለክተው መነሻ ያደርጉታል፤ ይህን መለካት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በትምህርት ቤት፣ በገበያና በመናኸሪያ አካባቢ ግን መለኪያው የነጂው ፍላጎት ሳይሆን የእግረኛው ሕይወት መሆን ስላለበት 30 ይተከል፤ ነዋሪው በድንጋይ የሠራው ጉብታም በልኩ ተሠርቶና ቀለም ተቀብቶ ይተካ። ለጥገና ተብሎ የሚቆም ጊዜያዊ ሰሌዳ የሚነሣበት ቀን ይኑረው፤ ኃላፊነቱም በሥራ ተቋራጩ ውል ውስጥ ይግባ። ከላይ የጠቀስኩት የ20 ኪሎ ሜትር ሰሌዳ እስኪነሣ ድረስ ደግሞ በዚያ ቦታ የሚጻፈው ቅጣት ይቁምና ተቆጣጣሪዎቹ ተማሪ ወደሚሻገርባቸው መንገዶች ይዛወሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዳማ ነዋሪ